ብርድ አይገባም፤ ሙቀት ነው የሚወጣው

በክረምት ማለዳ አንድ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ሲወጣ፣ ከውስጥ የቀሩት «ኧረ በሩን ዝጋው፣ ብርድ አስገባህብን» ይሉታል። በአማርኛ ብርድ ይገባል፣ ብርድ ይመታል፣ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ መጥቶ የሚያገኘን፣ ሲፈልግም ጥሎን የሚሄድ አካል ያለው ነገር አስመስለን ነው የምንናገረው። አነጋገሩ ያምራል፤ የሚሰማንንም ስሜት በደንብ ይገልጻል። የተፈጥሮን አሠራር ስንመረምር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ብርድ የሚባል ራሱን የቻለ ነገር የለም፤ ያለው ሙቀት ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር መግባቱ እውነት ነው፤ ያ አየር ግን ወደ ገላችን የሚያስገባው አንዳች ነገር የለም፤ ከገላችን ሙቀት ይወስዳል እንጂ። የሚያንዘፈዝፈንም ይኸው የሙቀት መውጣት ነው።

ይህን አንድ ነጥብ አጥብቆ የያዘ ሰው፣ ጋቢ የሚያሞቀው ለምን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በምን ምክንያት እንደሆነ፣ የቆርቆሮ ቤት ቀን አቃጥሎ ሌሊት የሚያቀዘቅዘው እንዴት እንደሆነ፣ ሁሉንም ከአንድ ምንጭ ተነስቶ ሊያብራራው ይችላል።

በመጀመሪያ ሙቀት ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። ድንጋይም ይሁን ውሃ ወይም አየር፣ ማንኛውም ቁስ የተሠራው በዓይን ከማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ማለትም ከአተሞችና ከሞለኪውሎች ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ለአፍታም አያርፉም። በጠጣር ነገር ውስጥ በያሉበት ቦታ ይርገበገባሉ፤ በፈሳሽ ውስጥ እየተጋፉ ይንሸራተታሉ፤ በጋዝ ውስጥ ደግሞ በየአቅጣጫው እየበረሩ እርስ በርስ ይላተማሉ። በቴርሞሜትር የምንለካው የሙቀት መጠን የዚህ እንቅስቃሴ አማካይ ብርታት መለኪያ ነው። ሙቀት የምንለው ደግሞ፣ ሁለት አካላት የሙቀት መጠናቸው ሲለያይ፣ ከአንደኛው ወደ ሌላው የሚሻገረው ጉልበት ነው፤ የሚለካውም በዲግሪ ሳይሆን በጁል ነው።

ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስለሆነ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በብረታ ብረት ሥራ ቤት በኩል ስናልፍ፣ ሠራተኛው ብረት በግራይንደር ሲቆርጥ የሚረጨው ብልጭታ እጁ ላይ ሲያርፍ እናያለን። እያንዳንዷ ብልጭታ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለች የብረት ብናኝ ናት፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋው ትጠፋለች። ይኸው ሰው 70 ዲግሪ በደረሰ ውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ እጁን ቢከት ግን ክፉኛ ይቃጠላል። የብልጭታዋ የሙቀት መጠን እጅግ ከፍ ያለ ቢሆንም ብረቱ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ በመሆኑ፣ ለቆዳው የሚያካፍለው ጉልበት ኢምንት ነው። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ሳይቀዘቅዝ ብዙ የሚሰጠው አለው። በተለይ ውሃ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 4,180 ጁል ሲያስፈልግ፣ ለአንድ ኪሎ ብረት 450 ጁል ገደማ ይበቃል።

ሙቀት እንቅስቃሴ መሆኑን ሰዎች የተረዱት ብዙ ከደከሙ በኋላ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አብዛኞቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙቀትን የሚቆጥሩት ካሎሪክ የሚባል፣ ክብደት የሌለውና በቁስ ውስጥ የሚፈስ ረቂቅ ፈሳሽ አድርገው ነበር። ካውንት ራምፎርድ በሚል ማዕረግ የሚታወቀው ቤንጃሚን ቶምፕሰን በሙኒክ የመድፍ ፋብሪካ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ የመድፍ አፈሙዝ በመሰርሰሪያ ሲቦረቦር ብረቱ ያለማቋረጥ እንደሚግል አስተዋለ። ሆን ብሎ በደነዘዘ መሰርሰሪያ፣ መድፉን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ፈረሶች እንዲያዞሩት አደረገ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ያለ ምንም እሳት ውሃው ፈላ። ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ተሟጦ ማለቅ ነበረበት፤ መሰርሰሪያው እስከዞረ ድረስ ግን ሙቀቱ አላለቀም። ራምፎርድ በ1798 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባቀረበው ጽሑፉ ሙቀት እንቅስቃሴ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። በ1840ዎቹ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ሥራ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወልድ በጥንቃቄ ለክቶ ጉዳዩን አጸናው፤ የመለኪያው ስያሜም የመጣው ከእርሱ ስም ነው።

አቅጣጫውም ከዚሁ እንቅስቃሴ የሚመነጭ ነው። ትኩስና ቀዝቃዛ አካል ሲነካኩ፣ በብርታት የሚርገበገቡት ቅንጣቶች ደካሞቹን ይገፋሉ፤ በየግጭቱ ፈጣኑ ጥቂት ያጣል፣ ዝግተኛው ጥቂት ያተርፋል፤ ይህም ሁለቱ ወገኖች እስኪተካከሉ ድረስ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ሙቀት በራሱ ጊዜ ሁልጊዜ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል። ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ፍሪጅ የምንለው፣ ሙቀትን በተቃራኒው የሚገፋው ኤሌክትሪክ እየከፈልን ስለሆነ ነው፤ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው በኩል ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ቤቱን ለማቀዝቀዝ ብሎ የፍሪጅ በር ከፍቶ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ሞተሩ የሚያወጣው ሙቀትም ስለሚጨመርበት፣ ውሎ አድሮ ክፍሉን ያሞቀዋል።

አሁን ወደ ደጅ እንውጣ። በኅዳር ማለዳ የግቢ በር ለመክፈት የብረት መቀርቀሪያውን ስጨብጥ እጄን ይቆረጥመኛል። አጠገቡ ሌሊቱን ውጭ ያደረውን የእንጨት ዘነዘና ስነካው ግን እምብዛም አይቀዘቅዘኝም። ሁለቱም ያደሩት በአንድ አየር ውስጥ ስለሆነ የሙቀት መጠናቸው አንድ ነው፤ ቴርሞሜትር ቢደረግባቸው ተመሳሳይ ቁጥር ያሳያሉ። ታዲያ እጄ ዋሸኝ ማለት ነው? እጃችን የሚለካው ነገር ሌላ ነው። ቆዳችን የሚያውቀው ሙቀት ከእርሱ በምን ያህል ፍጥነት እየወጣ ወይም እየገባ እንደሆነ ነው። ብረት ከቆዳዬ የተቀበለውን ሙቀት ወዲያውኑ ወደ ውስጡ አሳልፎ ለሌላ ስለሚዘጋጅ መውሰዱን አያቆምም። እንጨት ግን የተነካው ገጹ ብቻ ቶሎ ይሞቅና፣ ያንን ወደ ውስጥ ማሳለፍ ስለማይችል፣ ከዚያ በኋላ ከእጄ የሚወስደው ጥቂት ብቻ ይሆናል።

ይህን ለልጄ ለማሳየት አንድ ቀን ከማእድ ቤት የአሉሚኒየም ትሪና የእንጨት መክተፊያ አምጥቼ አስነካሁት፤ ትሪው በጣም ቀዝቃዛ ነው አለ። በየላያቸው እኩል የሆኑ ሁለት የበረዶ ድንጋዮች አስቀምጠን የትኛው ቀድሞ ይቀልጣል ብዬ ስጠይቀው፣ ያለምንም ጥርጥር መክተፊያው ላይ ያለው ነው ሲል መለሰ። ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ ትሪው ላይ ያለው በረዶ በውሃ ተከቦ ሲንሸራተት፣ መክተፊያው ላይ ያለው ግን ገና ጠርዙ እንኳ በወጉ አልተነካም ነበር። «አባዬ፣ ቀዝቃዛው ነው እንዴ ያቀለጠው?» አለኝ። ለእጁ ቀዝቃዛ የመሰለው ትሪ ለበረዶው ሙቀት አቀባይ ነበር፤ ከእጁ ሙቀት በፍጥነት የወሰደበት ባሕርይ፣ ለበረዶውም ሙቀት በፍጥነት የሰጠበት ባሕርይ ነው።

በዚህ ዓይነት፣ ቅንጣት ቅንጣትን እየነካ የሚተላለፈውን ሙቀት በትምህርት ቤት ኮንዳክሽን ብለን እናውቀዋለን። ቁሶች በዚህ ረገድ ያላቸው ልዩነት ሰፊ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ውፍረት ባለው ቁስ በኩል፣ በሁለቱ ገጾች መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር የሚያልፈው ሙቀት በዋት፣ ማለትም በሰከንድ በሚያልፈው ጁል ሲለካ፣ መዳብ 400 ገደማ፣ አሉሚኒየም 230 አካባቢ፣ ብረት 80 ያህል፣ መስታወት 1 አካባቢ፣ ውሃ 0.6፣ ደረቅ እንጨት 0.15 ገደማ፣ ያልተንቀሳቀሰ አየር ደግሞ 0.026 ያሳልፋሉ። ብረታ ብረት ይህን ያህል የሚቀድሙት በውስጣቸው እንደ ልብ የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች ስላሏቸው ነው፤ እነዚሁ ኤሌክትሮኖች ኮረንቲንም ሙቀትንም ያደርሳሉ። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪየ በ1822 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳስቀመጠው፣ በአንድ ግድግዳ በኩል የሚያልፈው ሙቀት ከቁሱ ባሕርይ ሌላ በሁለቱ ገጾች የሙቀት መጠን ልዩነት፣ በስፋቱና በውፍረቱ ይወሰናል፤ ልዩነቱና ስፋቱ ሲጨምሩ ፍሰቱ ይጨምራል፣ ውፍረቱ ሲጨምር ግን ይቀንሳል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ዝቅተኛው የአየር መሆኑን ልብ ይሏል። አባቶቻችን ቁጥሩን ሳያውቁት ተጠቅመውበታል። ጋቢ አራት ድርብ የጥጥ ሸማ ነው፤ ጥጡ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ በክሮቹና በድርቦቹ መካከል የታሰረው አየር ግን ከገላችን የሚወጣውን ሙቀት ያዘገየዋል። ለዚህ ማስረጃው ጋቢ በረዶንም በደንብ መጠበቁ ነው። በጋቢ የተጠቀለለ በረዶ ሜዳ ላይ ከተቀመጠው ይልቅ ዘግይቶ ይቀልጣል፤ ምክንያቱም ጋቢው የሚከለክለው መተላለፉን እንጂ ለማን እንደሚያደላ አያውቅም። ዝናብ የመታው ጋቢ ደግሞ የማያሞቀው የአየሩን ቦታ ውሃ ስለሚይዘው ነው፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል፤ ከዚያም በላይ ሲተን ከገላችን ተጨማሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሣር ክዳን ያለው ጎጆም ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ በወፍራሙ ተነጥፎ የተከደነው ሣር በእያንዳንዱ አገዳና በአገዳዎቹ መካከል አየር አስሮ ይይዛል።

ሁሉም ነገር በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚታየው ግን ምጣድ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይ ሰፊ የሸክላ ገበታ፣ ከሥሩ በቦይ ውስጥ የተጠመጠመ ሬዚስታንስ፣ ከዚያ በታች ጀሶ ወይም ሌላ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር፣ ከሁሉም በታች ቆርቆሮ አለው። ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል የሚስብ በመሆኑ በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ በላተኛ ነው። ሬዚስታንሱ ጥቂት ቆይቶ ፍም ይመስላል፤ የገበታው ገጽ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ሸክላ ሙቀትን የሚያሳልፈው በዝግታ ስለሆነ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሸክላ ከሥር እስከ ላይ ለማዳረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜው የሚያድገው በውፍረቱ ስኩዌር መጠን ነውና።

ሳይቸኩል የማይሆንለት ሰው ምጣዱ በአንድ ቦታ ሲግል አይቶ ሊጡን ሲያፈሰው፣ የሚያገኘው አንድ ጎኑ ያረረ፣ ሌላ ጎኑ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ነው። የምጣድ ማሟሻ የምንለው የመጀመሪያው እንጀራ የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከሽቦው በላይ ያለው የሸክላ ክፍል ሲግል በሽቦዎቹ መካከል ያለው ገና አልደረሰም፤ ሙቀቱ ወደ ጎንም ተሰራጭቶ እስኪተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ባለሙያዋ ጋጋሪ ጎመን ዘር በትን አድርጋ በጨርቅ ስታስስ፣ ምጣዱን ከማለስለሷ በተጨማሪ የትኛው ቦታ ምን ያህል እንደጋለ ከጭሱና ከሽታው ታነባለች። ይህ ችሎታ በቴርሞሜትር ከሚገኘው መረጃ ያነሰ አይደለም፤ እንዲያውም ምጣዱን በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያሳይ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ሸክላ እንዲህ ዘገምተኛ ከሆነ ለምን ወዲያው በሚግል አሉሚኒየም አንተካውም? 200 ዲግሪ አካባቢ የጋለ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስ፣ ብረቱ ከውስጡ ያለውን ሙቀት በቅጽበት ወደ ገጹ ስለሚያመጣ፣ የሚነካው የሊጡ ክፍል በአንድ ጊዜ በኃይል ይጠበሳል። ሸክላው ግን ሊጥ ሲነካው ገጹ ወዲያውኑ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከውስጥ የሚመጣለት ሙቀትም ለዘብ ብሎ ስለሆነ፣ ሊጡ ሳያርር ቀስ በቀስ ይግላል። በእርሾው የተፈጠረው ጋዝና የውሃው እንፋሎት ወደ ላይ ቀዳዳ እያበጁ ሲወጡ ዓይኖቹ ይከፈታሉ። ከዚያ አክንባሎው ይከደናል።

አክንባሎ መክደኛ ብቻ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከዚያ ይበልጣል። እንጀራ አይገለበጥም፤ የላይኛው ገጹ ምጣድ ሳይነካው ነው የሚበስለው። ይህንን የሚያደርገው እንፋሎቱ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ብዙ ሙቀት ይዞ ይነሳል፤ ያ እንፋሎት ተመልሶ ውሃ በሚሆንበት ቦታ የያዘውን ሁሉ ይለቀዋል። አክንባሎው ሲነሳ ከውስጡ የሚንጠባጠበው ጠል የዚህ ምልክት ነው። በሊጡ ውስጥ እርጥበት እስካለ ድረስ የእንጀራው አካል ውሃ ከሚፈላበት መጠን ብዙም አያልፍም፤ ሙቀቱ የሚያልቀው ውሃውን በማትነን ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ ተንኖ ሲያልቅ እንጀራው ጥቂት ይኮማተርና ጠርዙ ከምጣዱ ይላቀቃል፤ ጋጋሪዋም ሰፌዷን የምታስጠጋው ያን ጊዜ ነው። ወደ መጨረሻው ሲደረስ አስተዋይ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ የቀሩትን በሸክላው ውስጥ በተጠራቀመው ሙቀት ይጋግራል፤ ዘገምተኝነቱ በዚህ ጊዜ ትርፍ ሆኖ ይመለሳል።

በእንጨት ሲጋገር ኪሳራው የሚበዛው በሌላ መንገድ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከተጣደ ምጣድ ሥር የሚነሳው ትኩስ አየር አብዛኛው ምጣዱን በቅጡ ሳይነካ በጎን ያመልጣል፤ ከነበልባሉ የሚፈነጥቀውም ሙቀት በየአቅጣጫው ይባክናል። ዙሪያውን በሲሚንቶና በቀላል ድንጋይ ውሁድ የሚዘጋው ምርጥ የተባለው ምድጃ የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ የሚደርስ መጠን የሚቀንሰው፣ ይህን ማምለጫ ስለሚዘጋ ነው። ማገዶ ከሩቅ የሚሸከሙት እናቶችና ልጃገረዶች በመሆናቸው፣ ይህ የሙቀት ሒሳብ ለእኔ ከፊዚክስ ትምህርትነት አልፎ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው።

ስለ ማፍላት አንድ ተጨማሪ ነገር መነገር አለበት፤ በየቀኑ የሚባክን ማገዶና ኤሌክትሪክ አለበትና። በባሕር ወለል ደረጃ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,280 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቴርሞሜትሩ ከ92 ንቅንቅ አይልም። ይህን በ1760ዎቹ ያስተዋለው በግላስጎው ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ ነው። ስለዚህ ባቄላው ከፈላ በኋላ እሳት መጨመር ባቄላውን ፈጥኖ አያበስለውም፤ እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ። እሳቱን ቀንሶ፣ ውሃው ብቻ ፈላ ፈላ እንዲል አድርጎ ከድኖ መተው ያንኑ 92 ዲግሪ ይጠብቃል። ባቄላውን ለማፍጠን ከተፈለገ መፍትሔው የሙቀት መጠኑን ራሱን ከፍ ማድረግ ነው፤ በግፊት የሚያበስል ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን በመጨመር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በሞቃት አገር በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ሕግ ነው፤ በሸክላው ቀዳዳዎች የሚሰርገው ጥቂት ውሃ ከውጭ ሲተን የሚወስደውን ሙቀት የሚያገኘው ከእንስራው ነውና።

ሁለተኛው የሙቀት መንገድ ትኩሱ ቁስ ራሱ ተነስቶ ሲሄድ ነው፤ ኮንቬክሽን ይባላል። ድስት ውስጥ ከሥር የሞቀው ውሃ ስለሚሰፋ ይቀላል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በቦታው ይወርዳል፤ ውሃው ራሱን እያማሰለ ሁሉም ይሞቃል። ወፍራም ሽሮ ወይም ገንፎ ግን እንደዚህ መዘዋወር አይችልም፤ ከሥር ያለው ክፍል እዚያው ተይዞ ያርራል። ማማሰያ ይዘን የምንቆመው ፈሳሹ ሊሠራ ያቃተውን ሥራ በእጃችን ለመሥራት ነው።

ሦስተኛው መንገድ መካከለኛ አያሻውም። ከሰል ምድጃ ዙሪያ ስንቀመጥ ፊታችን ሲግል ጀርባችን ይቀዘቅዛል፤ በመካከላችን ያለው አየር እምብዛም ሳይሞቅ ሙቀቱ ቀጥታ ከፍሙ ወደ ፊታችን ይመጣል። ይህ ጨረር ነው፤ በትምህርት ቤት ራዲዬሽን የምንለው። የፀሐይ ሙቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ባዶ ጠፈር አቋርጦ የሚደርሰን በዚሁ መንገድ ነው። ጨረር የሚያወጣው የጋለ ነገር ብቻ አይደለም፤ ግድግዳም፣ ገላችንም፣ በረዶም ሳይቀር ያወጣሉ፤ የሚለያዩት በመጠኑ ነው። መጠኑም ከፍጹማዊ ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ተነስቶ ሲቆጠር፣ በሙቀት መጠኑ አራተኛ ርቢ ያድጋል። ስለዚህ 700 ዲግሪ የደረሰ ፍም፣ በ20 ዲግሪ ካለ እኩል ስፋት ካለው ግድግዳ ከ120 እጥፍ በላይ ይረጫል። ፔርሙዝ ሻይን ለሰዓታት የሚጠብቀው ሦስቱንም መንገዶች ስለሚዘጋ ነው፤ በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር ስለሌለ በንክኪም በአየር ዝውውርም የሚያልፍ ነገር የለም፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ገጹ ደግሞ ጨረሩን ወደ ሻዩ ይመልሰዋል።

የቆርቆሮ ጣራ ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ብረት የሙቀትን መንገድ አይከለክልም። በቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት በሥሩ ባለው ገጹ ወደ ራሳችን ይረጨዋል፤ ከሥሩ የተወጠረ ኮርኒስ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣውም ጨረሩን ስለሚከልልና በመካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሌሊት ሲሆን ያው ጣራ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይረጫል፤ ከዙሪያው አየር በታች እስኪቀዘቅዝ ድረስም ይሄዳል፤ ከሰዎቹ ትንፋሽ የወጣው እርጥበት ከሥሩ ተጠራቅሞ ማለዳ ላይ የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው።

በደጋው አገር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት እህልን የሚመታው ውርጭም የሚመጣው በዚሁ ጎዳና ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ፣ መሬቱና ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታቸውን ወደ ላይ ይረጫሉ፤ ከሰማዩ የሚመለስላቸው ግን ጥቂት ነው። ቅጠሉን የነካው አየርም ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ተንሸራቶ ወደ ዝቅተኛው ማሳ ይወርዳል፤ ገበሬው ከጋራው ወገብ ይልቅ ለሸለቆው እህል የሚሰጋው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ደመና ካለ ደመናው ራሱ ጨረር ወደ መሬት ስለሚመልስ ሌሊቱ ይለዝባል። ዛፍም በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል። ጠርቶ ባደረ ማለዳ ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲገኝ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ያለው ሣር ግን፣ በላዩ ያሉት ቅጠሎች ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲመልሱለት አድረዋልና፣ አረንጓዴውን እንደያዘ ይታያል።